የመስከረም መጨረሻ ሰኞ

ነሐሴ 12፣ ማክሰኞ

አምቡላንሱ ተገኝቷል። ጂሬኛ አልተገኘም።

ከነቀምቴ ወደ አርጆ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ድልድዩ ጋ ሳይደረስ፣ ዳር ይዞ ቆሞ ነው ያገኙት። በሩ ክፍት ነበር አሉ። አብሮት የወጣው ነርስ ኢቢሳ ግን በእግሩ ተመልሷል። ዛሬ ጠዋት ቤታችን መጥቶ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ጫማው እንደ ጨቀየ ነው።

ሃርሜ ሎሚ፣ የባሌ እናት፣ ሰላምታውን እንኳ አላስጨረሱትም። «ኢልሚ ኮ ኤሳ ጅራ?» አሉት። ልጄ የት ነው ያለው?

«ምጥ የያዛት ሴት ልናመጣ እየሄድን ነበር፣ ሃርሜ። የታጠቁ ሰዎች አስቆሙን። ማን እንደሆኑ አላወቅኋቸውም። ሾፌሩ ይቆይ፣ አንተ ሂድ፣ ዞር ብለህ እንዳታይ አሉኝ።»

«ዞር ብለህ አላየህም?»

«አላየሁም።»

ልጃችን ሊሊሴ ሻይ አቀረበችለት፤ ሳይቀምሰው ሄደ።

ሴትየዋ እቤቷ ወልዳለች አሉ። እሷም ሕፃኑም ደህና ናቸው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።


ነሐሴ 14፣ ሐሙስ

ፖሊስ ጣቢያ። ጤና ቢሮ። እንደገና ፖሊስ ጣቢያ። እየተጣራ ነው። ዝናብ። ስልኩ ዝግ ነው።


ነሐሴ 17፣ እሑድ

ጂሬኛ ይህን ደብተር ይዤ ሲያየኝ «ለምን በአማርኛ ትጽፊያለሽ?» ይለኛል። አባቴ በመንገድ ሥራ ከመንዝ የመጣ ሰው ነው፤ እኔ የተወለድኩት እዚሁ ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ነው። በኦሮምኛ እገበያያለሁ፣ በኦሮምኛ እጸልያለሁ፣ ከጂሬኛም ጋር የምጣላው በኦሮምኛ ነው። ብቻዬን ስሆን ግን አማርኛው ይመጣል። «ገባኝ፤ እኔን ለማማት ነዋ!» ብሎ ይስቃል።

ይላል፣ ይስቃል። እንዲህ ነው የምጽፈው። «ይል ነበር» አልልም።

ዛሬ ቤተ ክርስቲያን መጋቢው ስሙን ጠርቶ ጸለየለት። ሰው ሁሉ አለቀሰ። ከኋላችን የተቀመጡ ሁለት ሴቶች በሹክሹክታ ያወራሉ። አንዷ «ሾፌር ከወሰዱ አይመልሱም» ስትል ሰማሁ። ስለ ሌላ ሰው እያወሩ ነው። ሾፌር መቼም አንድ ብቻ አይደለም።


ነሐሴ 25፣ ሰኞ

የሚጠይቀን ሰው እየቀነሰ መጣ።

ከግቢያችን ኋላ ያለችውን አንድ ክፍል የተከራየችው ባዩሽ ግን ዛሬም መጣች። ወላጆቿ ከወሎ መጥተው ገጠር ነበር የሰፈሩት፤ እሷ ተፈናቅላ እዚህ ከተማ ገባች፣ አሁን ለግንባታ አሸዋ ትሸከማለች። ባሏ ሳህሉ በቆሎውን አይቼ ልምጣ ብሎ እንደ ወጣ ቀርቷል። ሁለተኛው ክረምት ነው ይኼ።

«እኅትዋ፣ መጀመሪያ ላይ ሰው ይጎርፋል» አለችኝ። «ኋላ ደጅሽን የሚያንኳኳ ይናፍቅሻል። እኔ አለሁልሽ።»

አመሰገንኳት። እንድትሄድልኝ ግን ፈልጌ ነበር። ከእሷ ጋር ስቀመጥ ሰው ሁለታችንን አንድ አድርጎ ያየናል። እሷ መበለት ናት። እኔ አይደለሁም።

ክፉ ነገር ጻፍኩ። አልሰርዘውም።


ጳጉሜን 3፣ ማክሰኞ

ዛሬ ያልኩትን ባላልኩት።

ለዓመቱ ትምህርት እየተዘጋጀሁ ነበር። የማስተምረው የዜግነት ትምህርት ነው። ሕገ መንግሥቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ስለ መንግሥት አካላት ስጽፍ ሃርሜ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ካለፈው ሳምንት ወዲህ ምግብ ይተዋሉ፣ ሌሊት በሩን ከፍተው ያያሉ። ስላናገሩኝ ደስ አለኝ።

«ምንድነው የምታነቢው፣ ኢንተላ ኮ?» አሉኝ። ኢንተላ ኮ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ ከሠርጋችን ቀን ጀምሮ ሌላ ስም ሰጥተውኝ አያውቁም።

«የአገሩን ሕግ ነው፣ ሃርሜ።»

«በአገሩ ላይ አንድ ሰው ሲናገር ሌላው ሁሉ ዝም ብሎ የሚሰማው መቼ ነው? እሱን ይላል?»

ይላል። በመስከረም የመጨረሻው ሳምንት ሰኞ ሁለቱ ምክር ቤቶች አንድ አዳራሽ ይቀመጣሉ፤ ፕሬዚዳንቱ ዓመታዊ ስብሰባውን ይከፍታሉ። ነገርኳቸው።

«ጠቅላይ ሚኒስትሩም ይቀመጣሉ?»

«ይቀመጣሉ።»

«ሚኒስትሮቹ? ጄኔራሎቹስ?»

«እነሱም ይጠራሉ።»

«ዝም ብለው?»

«ዝም ብለው ይሰማሉ።»

ሃርሜ ሻሻቸውን አስተካከሉ። «እንግዲያው የልጄን ስም እዚያ ይጥሩት» አሉ። «ስሙ እዚያ ከተጠራ፣ አንዱ ባይፈልገው አንዱ ይፈልገዋል።»

ለተማሪዎቼ በየዓመቱ የምለው አለኝ፤ ርእሰ ብሔሩ ጦር አያዝም፣ በጀት አይመድብም፣ ይናገራል እንጂ። የሚናገረውም መንግሥት በዓመቱ ሊሠራ ያሰበውን ነው። ለሃርሜ ግማሹን ብቻ ነው የነገርኳቸው። ይናገራል የሚለውን።

እራታቸውን በሉ። ከዚያ በፊት በልተው ቢሆን ኖሮ ሌላውንም ግማሽ እነግራቸው ነበር።


መስከረም 1፣ ዓርብ

አዲስ ዓመት። ሊሊሴ ጎረቤት ሄዳ ቶሎ ተመለሰች። «እንኳን አደረሳችሁ ማለት ይከብዳቸዋል፣ እማ» አለችኝ። የጂሬኛን ሸሚዞች ተኮስኩ። ሁሉንም።


መስከረም 7፣ ሐሙስ

ከሃርሜ ጋር ጨለለቂ ሰፈር ሄድን፣ ኦቦ ፊራኦል ቤት። የምክር ቤት አባላችን ነው፤ ምክር ቤቱ ክረምቱን ዝግ ስለሆነ አገሩ ነው ያለው። ከመመረጡ በፊት እኔ ባለሁበት ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ያስተምር ነበር። አንተ ነበር የምለው። ዛሬ አንቱ ልበለው ወይስ አንተ እያልኩ ደጁ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

«ሸዋዬ፣ ምን ያስቆምሻል? ግቢ እንጂ። ሃርሜ፣ ይግቡ።» ሰምቷል። እጃቸውን በሁለት እጁ ያዘው።

ሃርሜ አልቀመጥም አሉ። «በዚያ ሰኞ አንተም እዚያ ትገኛለህ?» አሉት።

«እገኛለሁ።»

«ፕሬዚዳንቱ ከመናገራቸው በፊት ታገኛቸዋለህ?»

ፊራኦል እኔን አየኝ። ከዚያ በኦሮምኛ፣ ቀስ ብሎ፣ አስተማሪ ሳለ እንደሚያደርገው አስረዳቸው። «ሃርሜ፣ እኛ ቀድመን ገብተን እንቀመጣለን። እሳቸው ሲመጡ እንነሣለን። ይናገራሉ፣ እናጨበጭባለን። ያን ቀን አባል አይናገርም። ጥያቄ የሚቀርበው ኋላ ነው፣ ንግግሩን ለመደገፍ ሞሽን የሚባለው የውሳኔ ሐሳብ ሲቀርብ። ያኔም የሚመልሱት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ናቸው።»

«እኔ ጥያቄ የለኝም» አሉ ሃርሜ። «ስም ነው ያለኝ።»

እዚህ ላይ እኔ ገባሁበት። «ሕጉ ይከፍታሉ ነው የሚለው» አልኩ። «ይህን ብቻ ይበሉ አይልም። አንድ ዓረፍተ ነገር ቢጨምሩ የሚከለክላቸው አንቀጽ የለም።»

«የሚከለክል አንቀጽማ የለም፣ ሸዋዬ። ስንት ነገር አለ ሳይከለከል የማይደረግ።»

ሃርሜ ስሙን ከነአባቱ ነገሩት። ጂሬኛ ሞረዳ። «እስቲ በለው» አሉት። «ጂሬኛ ሞረዳ» አለ። ደግመው አስባሉት። ፊቱ ቀላ።

ስንወጣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «እዚያ ለማውቀው ሰው እነግራለሁ። ተስፋ ግን እንዳትሰጫቸው» አለኝ።

መንገድ ላይ ሃርሜ «ምን አለሽ?» አሉኝ።

«እሞክራለሁ አለኝ።»

ያለውም እሱን ነው፤ ከሞላ ጎደል።


መስከረም 15፣ ዓርብ

ትምህርት ተጀመረ። ስድስት ክፍል ሰጡኝ። መምህራን ማረፊያ ስገባ ወሬ ይቆማል።

ኢቢሳን መንገድ ላይ አገኘሁት። አምቡላንስ ላይ መውጣት ትቷል፤ ካርድ ክፍል ነው የሚሠራው። «ዞር ብዬ ባይ ምን ይሆን ነበር፣ አዴ ሸዋገነት?» አለኝ። «ምንም» አልኩት። ደህና መልስ አልነበረም።


መስከረም 20፣ ረቡዕ

ሃርሜ ጾም ይዘዋል። ከጸሎት ጓደኞቻቸው ጋር ለዚያ ሰኞ ነው የሚጸልዩት፤ የፕሬዚዳንቱን አንደበት ክፈት እያሉ። ዛሬ በኦሮምኛ እንዲህ ሲሉ ሰማኋቸው፦ «ምራቴ ሕጉን ታስተምራለች። ይችላሉ ብላኛለች።»

ይችላሉ ብያለሁ። ውሸት አይደለም። ይችላሉ።

ባዩሽ በመስኮት በኩል ቆማ ስትሰማ ነበር። አላስገባኋትም።


መስከረም 25፣ ሰኞ

ከትምህርት ቤት አስፈቅጄ ቀረሁ። መብራት አለ። ሃርሜ ለቤተ ክርስቲያን የሚለብሱትን ነጭ ለብሰው ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጡ፤ እኔ በቀኛቸው፣ ሊሊሴ በሩ አጠገብ። ሃርሜ ከአማርኛ የሚያውቁት የገበያውን ነው፤ ስለዚህ እኔ እንድነግራቸው ተስማምተናል።

አዳራሹ ሞልቷል። ፊራኦልን ፈለግኩት፤ አላየሁትም። ፕሬዚዳንቱ ገቡ፣ ሁሉም ተነሣ። ሃርሜም ተነሡ።

ንግግሩ ረጅም ነበር። ስለ ስንዴ። ስለ ማዕድን። ስለ መንገድ፤ እዚህ ላይ ጆሮዬ ቆመ፣ ግን የሌላ ክልል መንገድ ነው። መጀመሪያ ላይ ሁሉንም እተረጉምላቸው ነበር። በኋላ «ገና ናቸው» እላለሁ። ሃርሜ ጭንቅላታቸውን ይነቀንቃሉ። አይቸኩሉም። አምላክ የሚነገርበትን ሰዓት ያውቃል ብለው የተቀመጡ ሰው ናቸው።

ከዚያ «በአንዳንድ አካባቢዎች የሚስተዋሉ የጸጥታ ችግሮች» አሉ። ቀጥለው «በአስቸጋሪ ሁኔታ ውስጥ ሆነው የሚያገለግሉ የጤና ባለሙያዎቻችን» አሉ። ወዲያው ወደ ቱሪዝም ተሻገሩ።

ሃርሜ «ጤና» የምትለዋን ቃል ለዩ። እጄን ጨመቁት።

«ማል ጄዴ?» ምን አሉ?

«ስለ አምቡላንስ ሾፌሮች ተናገሩ፣ ሃርሜ።»

«መቃ ኢሳ ዋሜ?» ስሙን ጠሩት?

በቴሌቪዥኑ ያጨበጭባሉ። ሃርሜ እኔን ብቻ ነው የሚያዩት። ሁለት ዓይናቸው እኔ ላይ።

«ኤዬ» አልኩ። አዎ።

ሃርሜ ብድግ አሉ። ከዚያ አዳራሹ ከሚያጨበጭበው ጋር እሳቸውም አጨበጨቡ። አዳራሹ ካቆመም በኋላ ብቻቸውን ያጨበጭቡ ነበር። ተንበረከኩ። «ስሙ ተጠራ፣ ዋቀዮ፣ ስሙ ተጠራ» እያሉ ወለሉን በእጃቸው ዳሰሱት።

ለእሳቸው ብዬ ነው። ጾመው፣ ተዳክመው፣ ሌላ ምን ልበላቸው? ለእሳቸው ብዬ ነው።

ስሙ በዚያ አዳራሽ ሲጠራ ግን እኔም ሰማሁት። «ኤዬ» ካልኩ በኋላ ሰማሁት።


መስከረም 26፣ ማክሰኞ

ሊሊሴ ዕቃ እያጠበች፣ ሳታየኝ፣ «እማ፣ ስለ ስንዴ ነው እኮ የተናገሩት» አለችኝ።

«አንቺ ሁሉን አልሰማሽም።»

«እዚያው ነበርኩ።»

«በሩ ጋ ነበርሽ።»

ሳህኑን አስቀመጠችው። ከዚያ ወዲህ አላነጋገረችኝም። ልጅ ናት። «በአንዳንድ አካባቢዎች» ሲሉ እኛን ማለታቸው እንደሆነ አልገባትም። የጤና ባለሙያዎች ሲሉስ ማንን ነው? ሲታሰብ እኮ ጠርተውታል ማለት ይቻላል። ስሙን ብቻ ነው ያላሉት።


መስከረም 28፣ ሐሙስ

ባዩሽ ከሥራ ስትመለስ፣ አሸዋው ከእግሯ ሳይራገፍ፣ በቀጥታ ወደ እኛ መጣች። ሃርሜ ግቢው ውስጥ ተቀምጠው ነበር።

«እኅትዋ፣ እውነት ነው? ስሙን ጠሩት? እኔ ያን ቀን ሥራ ላይ ነበርኩ። አብረውኝ የሚሠሩት አልሰማንም ይላሉ። እሳቸው ግን ጠሩት ይሉኛል» አለች ሃርሜን እያየች።

ሃርሜ አማርኛውን ባይከተሉም ጥያቄው ገብቷቸዋል። ፈገግ ብለው ወደ እኔ ጠቆሙ። እሷን ጠይቂ ማለታቸው ነው፤ ሕጉን የምታስተምረው እሷ ናት።

ወደ ውጭ ልወስዳትና ልነግራት እችል ነበር። ሁለት እርምጃ ነው።

«አዎ» አልኩ።

ባዩሽ አፏን በሻሿ ያዘች። «ስም ይጠራሉ ማለት ነው» አለች። «የሰው ስም ይጠራሉ ማለት ነው።»


ጥቅምት 1፣ እሑድ

ሃርሜ ዛሬ በጉባኤው ፊት ቆመው ምስክርነት ሰጡ። ጌታ ከፕሬዚዳንቱ አንደበት የልጄን ስም አወጣ አሉ። እልልታው ጣሪያውን ነካ። የሚያውቁ ነበሩ፤ አብዛኛው ሰው እኮ አማርኛ ይሰማል፣ ንግግሩንም ያየ አይጠፋም። አንድ ሽማግሌ አቀርቅረው ነበር። መጋቢው ጥቂት ዘገየና አሜን አለ። ለእኔ አዝነው ነው ዝም ያሉት። ወይም ለሃርሜ።

ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሁለት እናቶችና አንድ አባት በር ላይ ጠበቁኝ። ሦስቱም ሰው የጠፋባቸው ናቸው። እንዴት ነው የሚጠራው? በማን በኩል ነው? አንቺ ትነግሪልናለሽ? ይሉኛል።

በኦቦ ፊራኦል በኩል ነው አልኳቸው። ከእነሱ ለማምለጥ።


ጥቅምት 5፣ ሐሙስ

ኢቢሳ መጣ። ከመቀመጡ በፊት አወቅሁ።

ዝናቡ ሲያባራ ወንዙ ጎድሏል። ከብት ሊያጠጡ የወረዱ ገበሬዎች ናቸው ያገኙት፤ ከድልድዩ በታች፣ ቁጥቋጦ ይዞት። የአምቡላንሱን ጃኬት ለብሷል። ኢቢሳ ራሱ ሄዶ አይቷል። «ዛሬ ዞር ብዬ አየሁት» አለኝ፤ ከዚያ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

«መቼ ነው?» አልኩት።

«ሐኪሙ ከነሐሴ ነው አለ። ምናልባት በዚያው ቀን።»

በዚያው ቀን።

ሃርሜ ጮኹ፣ ደረታቸውን መቱ፣ ወደቁ። ሲነሡ ግን ያሉትን እስክሞት አልረሳውም። «ተጠርቶ ነው የወጣው» አሉ። «ስሙ ባይጠራ ወንዙ ይዞት ይቀር ነበር።»

ሊሊሴ አቀፈቻቸው። በጀርባቸው በኩል እኔን ታየኛለች።


ጥቅምት 7፣ ቅዳሜ

ቀበርነው።

ነበር። ይስቅ ነበር፣ ይል ነበር። እንግዲህ እንዲህ ነው የምጽፈው።

ሕዝቡ ብዙ ነበር። ኦቦ ፊራኦልም ከአዲስ አበባ ለቀብሩ መጣ። ሃርሜ አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ሰው ደግፏቸው ወደ እሱ ሄዱ። እጁን ይዘው፣ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ፣ በኦሮምኛ ተናገሩ፦

«አንተ ለፕሬዚዳንቱ ነገርክልኝ። እሳቸው ለምክር ቤቱ ነገሩልኝ። ልጄ በሜዳ አልቀረም፣ በእጄ ቀበርኩት። ገላቶማ፣ አመሰግናለሁ። ለእሳቸውም ገላቶማ በልልኝ።»

ፊራኦል አንዴ ወደ እኔ አየ። መሬት መሬት አየሁ። ጎንበስ ብሎ የሃርሜን እጅ ሳመ። «እነግርልዎታለሁ» አለ።

ሰው ሲበተን ፈልጎ አገኘኝ።

«ምንድነው ያልሻቸው?»

«ጠሩት አልኳቸው።»

«ሸዋዬ!» አለ። ልቆጣ ይሆን እያለ የሚያስብ ይመስል ነበር። አልተቆጣም። «ከሰኞ ወዲህ ስልኬ አያርፍም። የልጄን ስም፣ የወንድሜን ስም አስጠራልኝ ይሉኛል። የዚያችን ሴትዮ አስጠርተህ የለ ይሉኛል። ለማውቀው ሰው ነግሬ ነበር፤ ንግግሩ አልቋል አለኝ። ለነዚህ ሰዎች ምን ልበላቸው?»

«እውነቱን ንገራቸው።»

«እሳቸው እዚህ እያሉ? በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ካመሰገኑኝ በኋላ?»

ሁለታችንም አስተማሪዎች ነን። አፈሩ ላይ ቆመን የሚበተነውን ሰው አየን።


ጥቅምት 10፣ ማክሰኞ

ጠዋት ሊሊሴ ቀሰቀሰችኝ። ከቀብሩ ወዲህ ስታነጋግረኝ የመጀመሪያዋ ነው። «ባዩሽ አዲስ አበባ ልትሄድ ነው። ምክር ቤቱ በር ላይ ቆማ የሳህሉን ስም ልትሰጥ። የመሳፈሪያውን ጎረቤቱን ለምና አሁን መናኸሪያ ሄደች። መንገዱን ታውቂዋለሽ፣ እማ።»

አውቀዋለሁ። ስንቱን እንዳስቀረ ሁላችንም እናውቃለን።

ሻሼን ሳላስር ሮጥኩ። መናኸሪያ ስደርስ አውቶብሱ ሞልቷል፣ ሞተሩ ተነሥቷል። ባዩሽ መስኮት አጠገብ ተቀምጣለች። ንጹሕ ነጠላ ለብሳለች፤ ከማን እንደተዋሰችው አላውቅም። ስታየኝ ፊቷ በራ። ልትሸኘኝ መጣች ብላ ነው።

«ባዩሽ፣ ውረጂ። አልጠሩትም።»

«ምን አልሽ?»

«ዋሽቼ ነው። ስለ ስንዴ ነው የተናገሩት። የማንንም ስም አልጠሩም። ለሃርሜ ብዬ ዋሸሁ፣ ላንቺም ዋሸሁሽ። ውረጂ።»

ከጎኗ የተቀመጠው ሰውዬ ፊቱን አዞረ። በሩ ጋ ያለው ረዳት «ሴትዮ፣ ዞር በይ፣ ልንወጣ ነው» ይለኛል።

«ተጠርቶ ነው የተገኘው» አለች ባዩሽ፣ ቀስ ብላ። «አማትሽ በሰው ፊት ተናገሩ። ሰውየውም እነግርልዎታለሁ ብሎ እጃቸውን ሳመ። በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ጂሬኛ የሞተው ነሐሴ ነው። ከዚያ ሰኞ በፊት ሞቷል። ዝናቡ ሲያቆም ነው የተገኘው፣ ማንም አልፈለገውም። ባዩሽ፣ በእግዚአብሔር ይዤሻለሁ።»

«ያንቺ ሲሆን ተጠራ» አለችኝ። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «አገኘሽው፣ አፈር አለበስሽው፣ ሰው አለቀሰልሽ። የኔ ሲደርስ ነው ውሸት የሚሆነው? እኔ ደጅሽ ስቆም አታስገቢኝም ነበር፤ አውቃለሁ። ምንም አልኩሽ? አሁን ይህችን እንኳ ተይልኝ።»

መስኮቱን ዘጋችው። በመስታወቱ ላይ መታሁ። አውቶብሱ ተንቀሳቀሰ፣ አብሬው ጥቂት ተራመድኩ፣ ከዚያ በባኮ መንገድ ወጣ።

ትምህርት ቤት ገባሁ፣ አስተማርኩ። ምን እንዳስተማርኩ አላስታውስም። ስወጣ ደወልኩላት። ከአገልግሎት ክልል ውጭ ናት። አሁንም ውጭ ናት።

ሃርሜ «ያቺ ሴት የት ሄደች? ዛሬ ድምፅዋን አልሰማሁም» አሉኝ።

«አዲስ አበባ ሄደች፣ ሃርሜ። የባሏን ስም ልታስጠራ።»

ፊታቸው ፈካ። ልጃቸውን ከቀበሩ ወዲህ እንዲህ ሆነው አላየኋቸውም። ከመቀመጫቸው ወርደው ተንበረከኩ፣ ሊሊሴንና እኔን በሁለት እጃቸው ሳቡን፣ መንገዷን እንዲያቀናላት፣ ስሙ እንዲጠራላት ለመኑ።

ሊሊሴ ዝም አለች።

እኔ አሜን አልኩ።